የፒክአፑ ፊት ከፍ ካለ ወዲህ

ጥያቄ፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ እህል የማመላልስበት፣ የፊት እግሩ በቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ በሚያገለግል የብረት ዘንግ) የሚሠራ አሮጌ ፒክአፕ አለኝ። ሆዱ ድንጋይ እየነካ ስላስቸገረኝ አንድ መካኒክ የባሮቹን ማስተካከያ ብሎኖች አጥብቆ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል አነሣልኝ። አሁን ከትንሽ ጉድጓድ ሲወጣ «ጓ» ይላል፤ መሪውም ወደ ግራ ይስባል። ባሩ ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ባሩ የተበላሸ አይመስለንም። ብሎኑን ማጥበቅ የባሩን ጥንካሬ አይጨምርም፤ የሚለውጠው መኪናው የሚቆምበትን ከፍታ ብቻ ነው። ከፍታው ሲጨምር ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስለሚያልቅ፣ ጎማውን የሚይዘው የላይኛው ክንድ ከማቆሚያ ላስቲኩ ጋር ይጋጫል፤ የሚሰሙት «ጓ» ምናልባት ይኸው ነው። ደንበኛ በቁመት ስለሚደሰት መካኒኩም ብሎኑን ማጥበቅ አይሰለቸውም እንጂ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ስለዚህ ሻንሲውን በክሪክ አስነሥተው፣ በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፈውና ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳሉ ብሎኖቹን ያላሉ። መኪናው ወርዶ ጥቂት ከተነዳ በኋላ፣ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ጠርዝ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ይለኩ። ከዚያም የጎማ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) ያሠሩ፤ የመሪው መሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከፍታው ተለውጦ አላይመንቱ ሳይስተካከል ሲቀር ነው። ጎማው ሥር ጎንበስ ብለው የቸርኬውን የውስጥ ገጽ በጣትዎ ዳሰስ ያድርጉት፤ መኪናው በፊት ጎማውም የሚነዳ ከሆነና ጥቁር ግራሶ ከተረጨበት፣ የሴሚያክሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ላስቲክ በአንግሉ መብዛት ተቀዶ ሊሆን ይችላል።

እህል ሲጭኑ የኋላ ባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ሞላ) ስለሚተኛ ፊቱ ይበልጥ ይነሣልና፣ የፊት መብራቱን ዝቅ አድርገው ያስተካክሉ።