ፖሊስ ከሠራዊቱ የተረከበው ጠመንጃ፦ ተቆጣጣሪው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ፖሊሳችን ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት ትርፍ ኤም 16 ጠመንጃዎች እንደተሰጡት በምክር ቤት ስብሰባ ላይ ሰማሁ። የሚቆጣጠራቸው አለ? እኔ ያለኝ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ብጠይቅ ጣጣ ያመጣብኝ ይሆን?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ብዙ ወገኖቻችን ጥያቄያቸውን በሆዳቸው ይዘው የሚቀሩት በዚህ ሥጋት ነውና። የሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ ሰነድ የመጠየቅን መብት ለዜጎች ብቻ አልሰጠም። ለምን እንደፈለጉት እንዲያስረዱም በመሠረቱ አይገደዱም። ይጠይቁ።

ጠመንጃዎቹ ስጦታ ቢባሉም የከተማዋ ንብረት አልሆኑም። እ.ኤ.አ. የ1997 የበጀት ዓመት የአሜሪካ የመከላከያ ሕግ ክፍል 1033 በዘረጋው ፕሮግራም መሠረት የጦር መሣሪያ ምን ጊዜም የመከላከያ ሚኒስቴር ንብረት ነው። ፖሊስ ሊሸጠው አይችልም፤ ካላስፈለገው ይመልሳል። የፖሊስን ማመልከቻ በገዥው የተሰየመ የግዛት አስተባባሪ ያየዋል፤ በየዓመቱም ቆጠራ አለ፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ በመለያ ቁጥሩ ይመሳከራል። ከጠፋ ፖሊስ ጣቢያው ከፕሮግራሙ ሊታገድ ይችላል።

ቆጠራ ግን ጠመንጃው በመደርደሪያው ላይ መኖሩን እንጂ በማን ላይ እንደተነጣጠረ አይናገርም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ክፍተት ነው። ርክክቡም ቢሆን ተፈትኖ ወድቋል፤ በ2017 የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት መርማሪዎች በሐሰት በፈጠሩት የሕግ አስከባሪ ተቋም ስም 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ዕቃ፣ በጨለማ የሚያሳይ መነጽር ጭምር፣ ተረክበው ወጥተዋል። ርክክቡን የሚገድብ የፕሬዚዳንት ትእዛዝም መተማመኛ አይሆንም፤ ኦባማ በ2015 ያወጡትን ትራምፕ በ2017 ሻሩት፣ ባይደን በ2022 ያወጡትንም በ2025 መልሰው ሻሩት።

ስለዚህ ትግሉ በከተማዎ ነው። ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው የመከላከያ ሎጂስቲክስ ኤጀንሲ በየግዛቱና በየፖሊስ ተቋሙ ለይቶ የሚያወጣውን የዕቃ ዝርዝር በመጀመሪያ ይመልከቱ። ከዚያ ለፖሊስ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፦ ጠመንጃዎቹን ሲጠይቅ ያቀረበውን ምክንያት፣ የመጨረሻውን የቆጠራ ሪፖርት፣ የአጠቃቀም መመሪያውን፣ የሥልጠና መዝገቡን፣ ጠመንጃዎቹ የወጡባቸውን ክስተቶች ሪፖርት። ዘመኑን ወስነው ይጻፉ፤ «ያላችሁን ሁሉ» የሚል ማመልከቻ ለእምቢታ በር ይከፍታል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ሊደርስዎ ይገባል፤ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ፍለጋም አይከፈልበትም። አንዳንድ የጸጥታ ዝርዝሮች ሊሸፈኑ ይችላሉ። ሙሉ በሙሉ ከከለከሉዎት ግን ጉዳዩን ወደ ግዛቱ የሕዝብ መረጃ እንባ ጠባቂ ይውሰዱት፤ ሽምግልናው በነፃ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልገውም።