የሰው አካውንት አውርጄ ነበር፤ ላመልክት ብሄድ እኔው እታሰራለሁ?

ጠያቂያችን አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሑፍ ቤት ትሠራለች። ለዲዛይን የሚሆን ፕሪሚየም (የሚከፈልበት) አካውንት ፈልጋ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ዚፕ ፋይል አወረደች። ውስጡ የብዙ ሰው ኢሜይልና ፓስወርድ ነበር፤ አብሮም «መክፈቻ» የተባለ ፕሮግራም። በአንዱ አካውንት ሠራችበት፤ ፋይሉን ለጓደኛዋም ላከችላት። በሳምንቱ ከራሷ ቴሌግራም ለዘመድ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ሄደ። አክስቷ በቴሌብር 6,000 ብር ላኩ። «ላመልክት ወይስ ዝም ልበል?» ብላ ጠይቃናለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ የአክስትሽ ብር። አክስትሽ አሁኑኑ ወደ ቴሌብር ደንበኞች አገልግሎት 127 ይደውሉ። የተላከበትን ቁጥርና የደረሰኙን መልእክት እንዳያጠፉ።

ወደ ሕጉ ልምጣ። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 መሠረት፣ ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ወይም ዳታ ውስጥ የገባ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። «ፓስወርዱን እኔ አልሰረቅኩም፣ ተለቆ ነው ያገኘሁት» የሚሉኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ፈቃድ የሚሰጠው ግን የአካውንቱ ባለቤት እንጂ ቻናሉ አይደለም። አንቀጽ 7 ደግሞ የሰው ፓስወርድ ያለ ሥልጣን ለሌላ ማስተላለፍን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደርገዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመጠቀምሽ ይልቅ ለጓደኛሽ መላክሽ ነው ያሳሰበኝ።

ከዚህ በላይ የከበደኝ ግን ፋይሉን የከፈትሽበት የሥራ ቤታችሁ ኮምፒዩተር ነው። እንዲህ ያለ ዚፕ በፓስወርድ የሚቆለፈው አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። አብሮት የመጣው ፕሮግራም ሲከፈት፣ ብሮውዘር ላይ የተቀመጠውን ፓስወርድና ኩኪ (አካውንትሽ ውስጥ እንደገባሽ ለድረ ገጹ የሚያስታውስ ትንሽ ፋይል) ጠራርጎ ለሌባው ይልካል። ኮምፒዩተሩ ላይ ክፍት የነበረ ቴሌግራምም አብሮ ይሄዳል። ሌባው ኩኪው በእጁ ካለ ብዙ ጊዜ ፓስወርድም በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድም አይጠየቅም። እናንተ ቤት ደግሞ ደንበኛው መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን ለማሳተም ኢሜይሉን የሚከፍተው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ለጽሑፍ ቤቱ ባለቤት ዛሬውኑ ንገሪው። ቢቆጣም ንገሪው።

ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ንቀሉት፤ ፎርማት ግን አታድርጉት፤ ማስረጃ ነው። ፓስወርድሽን ከሌላ ንጹህ ስልክ ቀይሪ። ቴሌግራም ላይ የማታውቂያቸውን መሣሪያዎች በሙሉ አስወጪ፤ ሁለተኛ ፓስወርድም አብጂለት።

ፖሊስ ጋ ሂጂ። አንቺም አክስትሽም ተበዳዮች ናችሁ። አትከሰሺም ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። በሰው አካውንት ስለመሥራትሽ ቃል ከመስጠትሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ። ጥፋትን አምኖ በራስ ፈቃድ ወደ ሕግ መቅረብ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የቅጣት ማቅለያ ነው፤ ተፈልጎ የተያዘ ሰው በራስ ፈቃድ የመቅረቡ ዕድል ያመልጠዋል።

ለጓደኛሽም ደውዪላት። ፋይሉን ከፍታው ከሆነ የእሷም ዘመዶች ያው መልእክት ሊደርሳቸው ይችላል።