መልስ፦ ኔጋቲቭ ፊድባክ ሲቀነስ የአምፑ ድምፅ ለምን ይለወጣል?

ወንድሜ፣ በሞዴለርህ (የጊታር አምፕን ድምፅ በዲጂታል በሚያስመስለው መሣሪያ) ላይ ኔጋቲቭ ፊድባኩን ስትቀንስ ድምፁ ለምን እንደሚጮህና ቤዙ ለምን እንደሚላላ ጠይቀሃል። ፊድባኩ ከአውትፑት ትራንስፎርመሩ የስፒከር ጫፍ ጥቂት ሲግናል ወስዶ በአንድ ሬዚስተር በኩል በተቃራኒ ፌዝ ወደ ፌዝ ኢንቨርተሩ (ሲግናሉን ለፓወር ቲዩቦቹ በሁለት ተቃራኒ ፌዝ ወደሚከፍለው ክፍል) ይመልሳል። ጌይኑም (የማጉላት መጠኑም) ዲስቶርሽኑም (የድምፁ መሻከርም) በዚህ ይቀንሳል። ትልቁ ጉዳይ ግን ስፒከሩን መቆጣጠሩ ነው። የስፒከር ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ ያለው ተቃውሞ) በሬዞናንሱ አካባቢ (በቀላሉ በሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ፤ ለ12 ኢንች የጊታር ስፒከር ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 120 ኸርዝ) እና ወደ ቀጭኑ ድምፅ ይጨምራል፤ ፊድባክ ከሌለ አምፑ እነዚህን ቦታዎች አጉልቶ ያወጣቸዋል። ቮክስ ኤሲ30 የሚባለው የጊታር አምፕ ፊድባክ የለውም፤ ወደ ዲስቶርሽን ቀስ እያለ የሚገባውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ፊድባክ የበዛበት አምፕ እስከ መጨረሻው ንጹሕ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይሻክራል።

ስታወዳድር ቮልዩሙን እኩል አድርግ፤ አለበለዚያ ጆሮ የጮኸውን ይመርጣል። ፕረዘንስ የሚባለው የአምፑ መቆጣጠሪያ የሚሠራው ቀጭኑን ድምፅ ከፊድባኩ ላይ በመቀነስ ስለሆነ፣ ፊድባኩ ከተቆረጠ በእውነተኛው ሰርኪዩት ላይ ሥራ የለውም።

እውነተኛ አምፕ ከሆነ፣ ሬዚስተሩን ሳትነካ የፊድባኩን ሽቦ ከትራንስፎርመሩ 4 ኦም ወደ 16 ኦም ጫፍ ብታዛውር የሚመለሰው ቮልቴጅ እጥፍ ይሆናል። አዲስ ትራንስፎርመር ገጥመህ አምፑ ወዲያው ካፏጨ ፊድባኩ ፖዘቲቭ ሆኗል ማለት ነው፤ ወደ ፓወር ቲዩቦቹ ፕሌት የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች አቀያይር። ከዚያ በፊት ግን ሶኬቱን ንቀል፣ የፊልተር ካፓሲተሮቹን ቻርጅ በሬዚስተር አፍስስ፣ ባዶ መሆናቸውንም በመልቲሜትር ለክተህ አረጋግጥ። ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይገድላል።