መቻል አርጅቷል፤ ይተኛ ወይስ ይራመድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከደሴ ነው የምጽፈው። መቻል የሚባል ውሻ አለን፣ 11 ዓመቱ ነው። ድሮ ወንድሜ የጦሳን ተራራ ሲወጣ ቀድሞት እየሮጠ ላይ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። አሁን ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ግትር ይሉበታል፣ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ግን ይፍታታል። አባባ "አርጅቷል፣ ተዉት ይተኛበት" ይላል። ወንድሜ ደግሞ ባለፈው እሁድ "ይፍታታ" ብሎ ጦሳ ይዞት ወጣ፤ ሰኞ ከተኛበት ንቅንቅ አላለም። ማንን ልስማ? ለእማማ ጉልበት የታዘዘ ዲክሎፌናክ ቤት አለ፣ ግማሹን ብሰጠውስ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ከመጨረሻው ልጀምር፦ ዲክሎፌናኩን እንዳትሰጪው! ለሰው የታዘዘ ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንም ቢሆን፣ የውሻን ጨጓራ ሊያደማ፣ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ግማሽ ነው ብለሽ አትሸወጂ። እስካሁን ሰጥታችሁት ከሆነና ካስመለሰው ወይም ሰገራው ከጠቆረ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ወደ ክርክሩ ስንመጣ፣ የነገርሽኝ ነገር የመገጣጠሚያ ሕመም ይመስላል፤ ባረጁ ውሾች ላይ የተለመደ ነው። ዝም ብሎ ከተኛ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ይወፍራል፣ ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ የሚያርፈው በዚያው በታመመው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ እሁድ ተራራ መውጣት ግን የባሰ ነው፣ በተለይ ቁልቁለቱ።

በቀን ሦስቴ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አራምጂው። ሜዳ ላይ ይሁን፣ ቢቻል አፈር ወይም ሣር (ደሴ ላይ ሜዳ ፈልጊ ማለቴ ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ግቢውን መዞርም ይበቃል)። ቆሞ ሲያሸት አትጎትቺው፣ ያ ለእሱ ጋዜጣ ማንበብ ነው። ልኩን የሚነግርሽ የነገው ጠዋት ነው፦ ከወትሮው ብሶበት ካነከሰ በግማሽ ቀንሺ፣ ደህና ሆኖ ሳምንት ከቆየ ሁለት ደቂቃ ጨምሪ።

የደሴ ብርድ ደግሞ አለ። ስሚንቶ ላይ አይተኛ፣ ወፈር ያለ ነገር አንጥፉለት። ጠዋት ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቂና በሞቀ ውሃ የተጨመቀ ፎጣ ዳሌው ላይ ለ10 ደቂቃ አድርጊለት፣ በክንድሽ ሞክሪው እንዳያቃጥለው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ከቀትር ፀሐይ ነው የምትሸሹት።

ቤት ውስጥም ቁራሽ ነገር አሳይተሽ አስቀምጪው፣ አስነሺው፤ ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል፣ የኋላ እግሩን ያጠነክራል። ቁራሿን ከምግቡ ቀንሺ እንጂ እንዳትጨምሪበት። ጥፍሩንም እዪው፤ ከረዘመ አረማመዱን ያበላሻል።

ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ግን ሐኪም ይየው። እግሩን የሚጎትት፣ የሚያስለው ወይም ቶሎ የሚያለከልክ ከሆነ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ወንድምሽ ጦሳን ለብቻው ይውጣ። የማታውን ዙር ለአባትሽ ስጫቸው፣ ለእሳቸውም አይጠላም።