የጃፓን ጎራዴ በነጭ እንጨት፦ ከመግዛትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ለባለቤትሽ ልደት ኢንተርኔት ላይ ያየሽው የጃፓን ጎራዴ እውነተኛ ነው ወይ፣ ዋጋውስ ያወጣል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ማስታወቂያው «2048 ንብርብር ያለው፣ ተጣጥፎ የተቀጠቀጠ ብረት፣ የተፈጥሮ እንጨት እጀታና አፎት፣ ለሰብሳቢዎች» ይላል። ዋጋው 280 ዶላር። የጃፓን ጎራዴ መሰብሰብ ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ ይሻላል።

ለቤት ጌጥ ከሆነ ግዢው። ደስ ይለዋል። «የሳሙራይ ጎራዴ ገዛሁልህ» ብለሽ ግን አትስጪው። በዚህ ዋጋ የሚሸጡት አብዛኞቹ የሚሠሩት ቻይና ውስጥ፣ ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ባለችው ሎንግቹዋን ከተማ ነው። ሎንግቹዋን በጎራዴ ሥራ የቆየ ስም አላት፤ ባለሙያዎቿም ቀላል ሰዎች አይደሉም። ዕቃው ግን የጃፓን ጎራዴ አይደለም።

2048 የሚለው ቁጥር ሰው ያስደነግጣል። ብረት አንዴ ሲታጠፍ ሁለት ነው፣ ሲደገም አራት፣ ከዚያ ስምንት። እንዲህ እያልሽ ብትቀጥዪ 11ኛው ላይ 2048 ትደርሻለሽ። ጃፓናዊው አንጥረኛም ብዙውን ጊዜ የሚያጥፈው ከ10 እስከ 15 ጊዜ ነው። የሚያጥፈው ግን ቸግሮት ነው። የሚጠቀምበት ታማሃጋኔ የሚባለው ብረት ከብረት አሸዋና ከከሰል፣ ታታራ በሚሉት የጭቃ ምድጃ ውስጥ ሦስት ቀንና ሌሊት ሲነድ ቆይቶ የሚወጣ ነው። ዛሬም በጃፓን ሺማኔ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ኦኩይዙሞ በምትባል ቦታ፣ ምድጃው በብርዱ ወራት ይነድዳል። እ.ኤ.አ. በ1977 እንደገና ያስጀመረው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ነው። ከምድጃው የሚወጣው ብረት ወጥ አይደለም። አንዱ ጋ ካርቦኑ ይበዛል፣ ሌላው ጋ ያንሳል፣ ቆሻሻም አለበት። እየታጠፈ ሲቀጠቀጥ ቆሻሻው ይወጣል፣ ካርቦኑም ይመጣጠናል። የዛሬ የፋብሪካ ብረት ግን ከመነሻው የተስተካከለ ነው። እሱን ማጠፍ መልክ ለማሳመር ነው እንጂ ጥንካሬ አይጨምርለትም። እንዲያውም በጥድፊያ ከተሠራ በንብርብሮቹ መካከል ሳይያያዝ የሚቀር ቦታ ይኖራል።

መልኩም በደንብ ይለያል። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ጥቁርና ነጭ ሆኖ የሚጮኸው መስመር በአሲድ የወጣ ነው። እውነተኛው ከሩቅ አይታይም። አንድ የጎራዴ ትርዒት ላይ አንድ አዛውንት ሰብሳቢ አጭር ጎራዴ አውጥተው፣ አምፖል ወዳለበት አዙረው «ቀስ ብለህ አዘንብለው» አሉኝ። መጀመሪያ ያየሁት ልሙጥ ግራጫ ብረት ነበር። ትንሽ ሳዘነብለው የእንጨት ጉጥ የመሰለ ደቃቅ መስመር ከውስጥ ብቅ አለ። ስለቱን ተከትሎ ደግሞ እንደ ጭጋግ የነጣ ሞገድ አለ፤ ሀሞን ይሉታል። ከመጠንከሩ በፊት ጀርባው ላይ ወፍራም፣ ስለቱ ላይ ስስ ጭቃ ይቀባል። ከዚያ ግሎ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ስለቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ጀርባው ደግሞ ለስለስ ብሎ ይቀራል። ሞገዱ የዚያ ውጤት ነው። በርካሾቹ ላይ በሽቦ ብሩሽ ወይም በአሲድ የተሳለ ሀሞን ሞልቷል።

አሁን ወደ እንጨቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ይህ ዓይነት ልሙጥ፣ ነጭ የእንጨት እጀታና አፎት ሺራሳያ ይባላል። ፊልም ላይ ሲማዘዙበት ስለምናይ የውጊያ ዕቃ ይመስለናል። አይደለም። የጎራዴው የቤት ልብስ ነው፤ ብረቱ ሲቀመጥ የሚለብሰው። በወጉ የሚሠራው ሆ ከሚባለው የጃፓን ማግኖሊያ ሲሆን፣ ለዓመታት እንዲደርቅ ከተተወ በኋላ ነው። እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ብረቱን አይቧጭርም፣ የሚያዝግ ሙጫም የለውም። ቫርኒሽ አይነካውም። ሁለቱ ግማሾች የሚጣበቁት በሩዝ ሙጫ ነው፤ ውስጡ ዝገት ከያዘ ተከፍቶ እንዲጸዳ። አንቺ ያየሽው ቀላ ብሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቫርኒሽ የተቀባ ጠንካራ እንጨት ነው። ያምራል፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

እባክሽ ይህን ለባለቤትሽ አስረግጠሽ ንገሪው፦ በሺራሳያ እጀታ ምንም ነገር መምታት ወይም መወራጨት የለም። ለአገልግሎት የሚሠራ እጀታ በዓሣ ቆዳ ተለብጦ በገመድ ይጠመጠማል፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው እሱ ነው። እዚህ ያለው ልሙጥ እንጨትና አንዲት የቀርከሃ ችንካር ብቻ ነው። እጅ ያንሸራትታል፣ ከተሰነጠቀ ብረቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ ቁልፍ ያለው ቦታ ይቀመጥ።

አንድ ቀን እውነተኛውን መግዛት ከፈለገ፣ መጀመሪያ የሚታየው እጀታው ውስጥ የተደበቀው የብረቱ ጭራ ነው። ናካጎ ይባላል። ችንካሩን ታወጪያለሽ፣ እጀታውን በግራ እጅ ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ የግራ አንጓሽን በቀኝ ጡጫ መታ መታ ስታደርጊ ብረቱ ይላቀቃል። የድሮ ጎራዴ ጭራ ጥቁር ቡናማ፣ የረጋ ዝገት አለው። የአንጥረኛው ፊርማም ካለ እዚያው ነው። ያንን ዝገት መፈግፈግ ዕድሜውን ማጥፋት ነው፤ ባለሙያዎች ዘመኑን የሚያነቡት በእሱ ነው። አንዳንዴ ነጩ እንጨት ላይ በቀለም የተጻፈ የባለሙያ ምስክርነት ይገኛል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን እንጨቱ ከአንዱ ጎራዴ ወደ ሌላው ሊዛወር ስለሚችል እሱን ብቻ አትመኚ። ቅድም የጠቀስኩት ማኅበር የሚሰጠው ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ያለው ጎራዴ ሲባል ግን በሺዎች ዶላር አስቢ።

ከጃፓን በቀጥታ ከተገዛ የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እሱን ሻጩ ነው የሚጨርሰው። በተቃራኒው አሁን ያየሽውን ይዞ ጃፓን መግባት አይሞከርም። እዚያ አገር ስለታም ጎራዴ የሚመዘገበው በባህላዊው መንገድ ተሠርቶ የጥበብ ዋጋ ካለው ብቻ ነው። ያልተመዘገበ መያዝ ወንጀል ነው።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ብረቱ በጣት አይነካም፣ የእጅ ላብ በቀናት ውስጥ ያዝገዋል። ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ይመዘዛል፣ አግድም ተጋድሞ ይቀመጣል። በየጥቂት ወሩ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ ስስ ዘይት መቀባት ነው። ጃፓኖች የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ያለበት ዘይት ይጠቀማሉ፤ ለዚህኛው ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ዘይቱ እንዳይበዛ፣ እንጨቱ ይጠጣዋል።

ከመክፈልሽ በፊት ሻጩን እጀታው የወለቀበትን ፎቶና የብረቱን ዓይነት ጠይቂው። «አይወልቅም» ካለሽ ሌላ ሻጭ ፈልጊ፤ ተጣብቆ የተዘጋ ጎራዴ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ፎቶውን ካገኘሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ የመሰለኝን እነግርሻለሁ።