ያለ ዲግሪ እስያ ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር ይቻላል ወይ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው እንቅልፍ አልወሰደኝም። 12ኛ ጨርሰሃል፣ ዩኒቨርሲቲ አልገባህም፣ እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ ያገናኘህ ሰው ደግሞ «ታይላንድ እንግሊዝኛ አስተማሪ ትሆናለህ፣ በወር 1,500 ዶላር፣ ዲግሪ አያስፈልግም፣ አንተ ብቻ 250 ሺህ ብር አዘጋጅ» ብሎሃል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልከው።

እኔ ያለ ዲግሪ ካምቦዲያ ሄጄ ዋና ከተማዋ ፕኖም ፔን ሁለት ዓመት አስተምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ስለዚህ «አይቻልም» አልልህም፣ ይቻላል። ግን በዚህ ሰው በኩል አትሂድ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

ታይላንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ለማስተማር ኖን ቢ የሚባለው ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድ፣ እና ኩሩሳፋ ከሚባለው የመምህራን ምክር ቤታቸው የማስተማር ፈቃድ ወይም ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚያ ፈቃድ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ የግድ ነው። እንደ እኛ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው በዚያ ላይ ቶይክ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ውጤት ይጠየቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 በላይ። እንግዲህ «ዲግሪ አያስፈልግም» ያለህ ሰው ቢበዛ እያለህ ያለው «በቱሪስት ቪዛ ገብተህ ተደብቀህ ትሠራለህ» ነው። ይኼ የተሻለው ዕድል ሲሆን ነው።

የከፋውን ደግሞ ሳትሰማው አትቀርም፣ ግን አስተማሪ ከሚለው ቃል ጋር አላገናኘኸው ይሆናል። ከባንኮክ ወደ ሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄድ ሜ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ አለች። ሞኢ የሚባለውን ወንዝ ስትሻገር ማያዋዲ ነው፣ ማይናማር። እዚያ ሰውን በአጥር ውስጥ ዘግተው በኢንተርኔት ሌላውን ሰው እንዲያጭበረብር የሚያስገድዱ ግቢዎች አሉ። በየካቲት 2017 ከዚያ ወጥተው በአንድ ቀን ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች ውስጥ 138ቱ የእኛ ልጆች ነበሩ። ከግማሽ በላይ! ብዙ ሰው በዚህ መንገድ የሚወሰደው እንግሊዝኛ ስለሚችል ነው። ለደንበኞች አገልግሎት፣ ለኮምፒውተር ሥራ፣ ለአስተማሪነት እየተባለ። እንግሊዝኛህ ጥሩ መሆኑ ለእነሱም ይጠቅማቸዋል፣ ይኼን ልብ በል።

ሰውየውን ሦስት ነገር ጠይቀው። የትምህርት ቤቱ ስም ማን ነው? የትኛው ከተማ፣ የትኛው ሰፈር ነው? የምገባው በምን ዓይነት ቪዛ ነው? ስሙን ከሰጠህ ትምህርት ቤቱን ራስህ ፈልገህ በራሱ ስልክ ደውልለት፣ ሰውየው በሰጠህ ቁጥር አይደለም። «ስትደርስ ይነገርሃል» ካለህ አለቀ። ደግሞም በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛውም የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱም ወጪ የአሠሪው ነው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆን አለመሆኑን ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደህ መጠየቅ ትችላለህ። 250 ሺህ ብር እናትህ ዕቁብ ገብተው ነው የሚያጠራቅሙልህ አይደል? ቢያንስ አንድ ቀን ለማጣራት ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው ሁሉ ዲግሪ ዲግሪ ይላል፣ ፓስፖርት የሚለው ግን የለም። ለእኛ ግን ፓስፖርቱ እኩል ይከብዳል። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ አስተማሪ የሚሰጠው ኢ-2 ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገር ዜጎች ነው፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ። ዲግሪ ቢኖርህም ኢትዮጵያዊ ሆነህ በዚህ በር አትገባም። ቻይናም እንደዚሁ ነው፣ ዲግሪው ላይ የሁለት ዓመት ልምድ ወይም ሰርተፍኬት ጨምራ ዜግነትንም ታያለች። ታይዋንም ፓስፖርት ታያለች። ቬትናም ዜግነት ላይ ላላ ትላለች፣ ግን ዲግሪና የማስተማር ሰርተፍኬት ትፈልጋለች፣ ዲግሪውም በኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ መሆን አለበት። ጃፓን ወይ ዲግሪ ወይ ረጅም የሥራ ልምድ። ያለ ዲግሪም ያለ «ትክክለኛው» ፓስፖርትም በሩን ገርበብ አድርጋ የቆየች ካምቦዲያ ናት፣ እኔም የሄድኩት ለዚህ ነው።

ካምቦዲያ ለሥራ የሚገባው ኢ በሚባለው ቪዛ ነው። 35 ዶላር ነው፣ 30 ቀን ይሰጥሃል፣ ከዚያ እዚያው ሆነህ ኢቢ ተብሎ ለ1፣ ለ3፣ ለ6 ወይም ለ12 ወር ይራዘማል። የሥራ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ይወጣል። በቱሪስት ቪዛ ከገባህ ግን የምታራዝመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ለአንድ ወር። ስትገባ ቲ፣ ማለትም ቱሪስት፣ ተብሎ እንዳይመታብህ አደራ።

ሥራ የፈለግኩት እዚያ ደርሼ፣ በቱክቱክ እየዞርኩ ነው። ቱክቱኩ ከዚህ ከቱሉ ዲምቱ ባጃጅ አይለይም፣ እሱ አጽናንቶኛል። አንዱ ትምህርት ቤት በስልክ እንግሊዝኛዬን ሰምተው «ነገ ነይ» አሉኝ። ለብሼ፣ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ኃላፊው ገና ከበር ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ። ወላጆች ነጭ ሰው ነው የሚፈልጉት አለኝ፣ በግልጽ። ውጭ ወጥቼ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩም። አራተኛው ትምህርት ቤት ነው የቀጠረኝ፣ ለሙከራ 20 ደቂቃ አስተምሬ።

ያቺን 20 ደቂቃ ላሳይህ፣ ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነውና። ልጆቹ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ይሆናቸዋል። ሥዕል እያሳየሁ ሳስደግም «ራይስ» ስል «ራይ» ይላሉ፣ «ሃውስ» ስል «ሃው»። በክመር፣ ማለትም በካምቦዲያ ቋንቋ፣ ቃል መጨረሻ ላይ ያለች ስ እንደ ሀ ትንፋሽ ሆና ነው የምትጠፋው። እኛ ደግሞ ተቃራኒው ነን፣ ፊት ላይ እ እንጨምራለን፤ «እስኩል»፣ «እስትሪት»። እኔ ይቺን እ ከራሴ ምላስ ላይ ያነሳሁት ስስስስ ብዬ ረጅም አድርጌ ከዚያ «ኩል» በማለት ነው፣ ሌሊት ሌሊት ብቻዬን። እና ልጆቹን ጣታቸውን ዴስኩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጎተቱ «ራይስስስስ» እንዲሉ አደረግኳቸው፣ ጣት ዴስኩን ሳይጨርስ ድምፁ አይቋረጥም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ልጅ ጣቷን ከዴስኩ አልፋ አየር ላይ ሳይቀር ጎተተች። ክፍሉ በሙሉ እባብ መሰለ። ኃላፊዋ በመስኮት እያየች ነበር። «መቼ ትጀምሪያለሽ?» አለችኝ።

ስለዚህ «የአፍ መፍቻዬ ስላልሆነ አልችልም» እንዳትል። ቋንቋውን ታግለህ የተማርክ ሰው የት እንደሚያደናቅፍ ታውቃለህ። ግን ይኼን ለማሳየት ክፍል ውስጥ መግባት አለብህ፣ ክፍል ለመግባት ደግሞ ልምድ። እሱ ላይ እመጣለሁ።

ገንዘቡን በግልጽ ልንገርህ። በሰዓት 8 ዶላር፣ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በወር 640 ዶላር ገደማ። ከዚያ የቤት ኪራይ 130፣ ምግብ፣ ቱክቱክ፣ ቪዛ። የምታስተምረው በሰዓት ከሆነ በዓል ሲመጣ ክፍያም የለም፤ የክመር አዲስ ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ መስከረም ጥቅምት አካባቢ ደግሞ የሙታን መታሰቢያቸው ፕቹም ቤን አለ። እነዚያ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ሁለተኛው ዓመት ላይ የነበርኩበት ትምህርት ቤት የመጨረሻ ወር ደሞዜን አልከፈለኝም፣ ዛሬም አልተከፈለኝም። ወደ ቤት የላክሁት ገንዘብ ነበረ፣ አልዋሽህም፣ የታናሽ እህቴን ትምህርት ቤት ከፍያለሁ። ግን በወር 1,500 ዶላር ያለ ዲግሪ አዲስ ለገባ አበሻ የሚከፍል ትምህርት ቤት አላየሁም።

እና ምን ላድርግ ካልክ፣ እኔ አንተን ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። 250ው ሺህ ብር እዚያው ይቀመጥ። መጀመሪያ ቴፍል የሚባለውን የ120 ሰዓት የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፍኬት በኢንተርኔት ውሰድ፣ ርካሽ ነው። ከቻልክ ግን ሴልታ የሚባለው የማስተማር ሰርተፍኬት ይሻላል፣ ይወደዳል፣ ግን ስድስት ሰዓት እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆመህ ነው የምታስተምረው፣ ቀጣሪዎችም ያከብሩታል። ጎን ለጎን እዚሁ ማስተማር ጀምር። እኛ ዳር የምንኖር ሰዎች ይኼን ዕድል አናየውም እንጂ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ውስጥ በየብሎኩ ቤት ለቤት አስጠኚ የሚፈልግ ወላጅ ሞልቷል። እኔ ሳሎኔ ውስጥ የማስጠናቸው ስምንት ልጆች አሉኝ፣ ያቺን የጣት ጨዋታ ለ«እስኩል» ገልብጬ እጠቀምባታለሁ። ያስተማርክበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ያዝ፣ ሁለት ወላጅ የምስክር ወረቀት ይጻፍልህ። ለሚቀጥርህ ልምድ ማለት እሱ ነው።

ከዚያ ኢንተርኔት። ድሮ የቻይና ልጆችን በኢንተርኔት ማስተማር ትልቅ ገበያ ነበር፣ ሐምሌ 2013 ላይ የቻይና መንግሥት ለትርፍ የሚሠራውን የማስጠናት ሥራ ሲከለክል ወደቀ። አሁንም «የቻይና ልጆች ታስተምራለህ» የሚል ማስታወቂያ ካየህ በጥንቃቄ። ፕሬፕሊን የመሰሉ፣ አስተማሪና ተማሪን የሚያገናኙ፣ ዜግነት የማይጠይቁ ድረ ገጾች አሉ። ፕሬፕሊ የእያንዳንዱን አዲስ ተማሪ የሙከራ ትምህርት ክፍያ ሙሉውን ይወስዳል፣ ከዚያ 33 በመቶ፣ ብዙ ሰዓት ስታስተምር እየወረደ 18 በመቶ ይደርሳል። ከመጀመርህ በፊት ገንዘቡ በምን መንገድ እጅህ እንደሚገባ አጣራ።

ስለ ጃፓን ተማሪዎች አንድ የምወደውን ነገር ልንገርህ። በጃፓንና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጆቹ በስድስት ስለሚለይ ሰዓታችን ላይ የሚነበበው ቁጥር ከእነሱ ጋር አንድ ነው። ተማሪዬ «ማታ 8 ሰዓት» ስትል እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። እሷ ልጇን አስተኝታ ትቀመጣለች፣ እኔ የምሳ ዕቃ አጥቤ። መብራት ከጠፋ በስልክ ዳታ እቀጥላለሁ፣ ስለዚህ ፓወር ባንክ መጀመሪያ ግዛ።

ዲግሪውንም አትተወው። የግል ተፈታኝ ሆነህ ማትሪኩን ድገም። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ማታ እየተማርኩ ነው፣ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። የምትመዘገብበት ኮሌጅ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳታረጋግጥ ብር እንዳትከፍል፣ በኋላ ቬትናምም ሆነ ታይላንድ ወረቀቱን ሲመረምሩት የሚወድቀው አንተ ነህ።

ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ግን መልእክትህ መጨረሻ ላይ «ፓስፖርቴን ለፕሮሰስ ወስዶታል» ያልክ መሰለኝ። እንደዚያ ከሆነ ነገ ሳትል ዛሬውኑ ታላቅ ወንድምህን ይዘህ ሂድና ተቀበለው። አልሰጥም ካለህ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ ተቀብለኸው እንደሆነ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።