ትልቁ ማትሪክስ ከትንሹ ለምን ፈጠነ?

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው፣ አድቫንስድ ኮምፒውተር አርክቴክቸር እየተማርክ ነው፣ ለላብ 512 በ512 የደብል (ባለ 8 ባይት ቁጥር) ማትሪክስ በሲ ጽፈህ በኮለመን እየወረድክ ደመርክ፣ ከዛ 513 በ513 ስታደርገው ትልቁ ከትንሹ ፈጠነ። ኮዴ ተበላሽቶ ነው እንዴ፣ የካሽ (ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ምዕራፉን ሁለቴ ባነበውም ምንም ጠብ አላለልኝም ብለሃል።

ኮድህ ደህና ነው። ስራዬ የተንቀራፈፈ ፕሮግራም ማፍጠን ስለሆነ ይሄን ነገር በየጊዜው አየዋለሁ፣ እና ደጋግሞ በማንበብ አይገባም፣ በቃ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ።

ብዙ ፕሮሰሰር ላይ ኤል 1 ዳታ ካሹ 32 ኪሎባይት ነው፣ 8 ዌይ፣ ላይኑ፣ ማለትም ካሹ በአንዴ የሚያመጣው ጥቅል፣ 64 ባይት። ስታካፍለው 512 ላይን፣ በ64 ምድብ የተከፈለ፣ በያንዳንዱ ምድብ 8 ቦታ፣ 8 ዌይ ማለት ይሄ ነው። ከአድራሻው የታችኞቹ 6 ቢት ላይኑ ውስጥ ያለውን ቦታ ይነግሩሃል፣ ቀጣዮቹ 6 ምድቡን፣ የቀረው ታግ፣ ማለትም የላይኑ መለያ ነው። ሲ ማትሪክሱን ረድፍ በረድፍ አከታትሎ ነው የሚያስቀምጠው፣ አሁን አንዱ ረድፍህ ስንት ባይት ነው? 512 በ8፣ 4096። ስለዚ አንድ ረድፍ በወረድክ ቁጥር የታችኞቹ 12 ቢቶች ንቅንቅ አይሉም፣ ምድቡም አይቀየርም ማለት ነው፣ 512ቱም ረድፍ ለነዛው 8 ቦታዎች ይጋፋል፣ ሌሎቹ 63 ምድቦች ቁጭ ብለው! ለቀጣዩ ኮለመን ወደ ላይ ስትመለስ ያመጣኸው ላይን ተባሯል፣ 8 ደብል ይዞ መጥቶ አንዱን ብቻ ነው የተጠቀምክበት።

513 ላይ ረድፉ 4104 ባይት ነው፣ በ8 ባይት እየተንሸራተተ በየ8 ረድፉ ምድብ ስለሚቀይር ላይኖቹ ካሹ ላይ ይበተኑና አብዛኞቹ ለቀጣዩ ኮለመን ይቆዩልሃል።

የረድፉን ስፋት 520 አድርገህ 512ቱን ብቻ ብትጠቀም 4160 ባይት ልክ 65 ላይን ስለሆነ እያንዳንዱ ረድፍ ወደሚቀጥለው ምድብ ይሄዳል። ግን እኔ ይሄን ማስታገሻ ነው የምለው፣ እያንዳንዱ ረድፍ አሁንም የተለያየ የ4 ኪሎባይት ፔጅ (የሜሞሪ ክፍልፋይ) ላይ ነው፣ የፔጆቹን አድራሻ የሚያስታውሰው ኤል 1 ቲኤልቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ 64 አካባቢ ፔጅ ነው የሚይዘው። መድሃኒቱ ሉፑን ገልብጦ በረድፍ መሄድ ነው፣ የኮለመኖቹን ድምር በአንድ አሬይ ያዝ፣ እንደ ትራንስፖዝ (ረድፍና ኮለመን ማለዋወጥ) ሉፑን መገልበጥ የማያዋጣው ሲያጋጥምህ ደግሞ በትንንሽ ብሎክ ቁረጠው።

ፕሮግራሙን ከማስኬድህ በፊት ስንት ሚስ (የፈለግከው ካሹ ላይ የማይገኝበት ጊዜ) እንደምትጠብቅ ጻፍ። ንባቡ 262,144 ነው፣ በኮለመን ከሆነ ሁሉም ሚስ ሊሆን ነው፣ በረድፍ ከሆነ ከ8 አንዱ፣ 32,768 አካባቢ። ከዛ ፐርፍ በሚባለው የሊኑክስ መለኪያ ለካው፣ ዳታ ቀድሞ የሚያመጣው ፕሪፌቸር ቁጥሩን ትንሽ ሊያዛባው ይችላል። የለካኸው ከጻፍከው በጣም ከራቀ አሴምብሊውን፣ ማለትም ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ትዕዛዝ፣ ክፈት፣ አንዳንዴ ኮምፓይለሩ ራሱ ሉፑን ገልብጦት ታገኘዋለህ።